ሳይክላችን እስከ የት ድረስ ይሄዳል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ስለ ምርጫው ምን ትላለህ?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሳይክል ነው። ቅር እንዳይላችሁ፤ ከጥያቄያችሁ ብዙም አልርቅም።

ስድስት ጓደኛሞች ነበርን። አንድ የግንባታ መሐንዲስ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች፣ አንድ ፋርማሲስት፣ መቀሌ ተወልዶ ያደገ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ስድስተኛው ደግሞ እኔ፣ የወር ደመወዝ የማላውቀው ጋዜጠኛ። የጀመርነው በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ያ ዘመን እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ይጀምር ነበር። አንዱ ፓርቲ ይመሠርታል፣ ሌላው ማኅበር ያቋቁማል፣ ሌላው ከሃያ ዓመት ስደት በኋላ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። እኛ ደግሞ ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዛን።

ማውንቴን ስል ወፍራም ጎማ ያለው፣ ፊቱ ላይ ሞላ የተገጠመለት፣ ማርሹ ብዙ የሆነውን ማለቴ ነው። ይህ ስፖርት የተወለደው እንደ እኛ ባሉ ሥራ ፈቶች እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ማሪን በሚባል አካባቢ የነበሩ ወጣቶች ከባድ የድሮ ሳይክል እየሰበሰቡ ከተራራ ላይ በአፈር መንገድ ይወርዱ ነበር። በ1976 የጀመሩት ውድድር ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት 400 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርድ ነበር። የኋላ ፍሬናቸው በጣም ከመጋሉ የተነሳ ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ፈትቶ እንደገና መሙላት ግድ ነበር። የቁልቁለቱም ስም «ሪፓክ» የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1996 አትላንታ ላይ፣ ጨዋታው የኦሎምፒክ ስፖርት ሆነ። የእኛው መሐንዲስ ይህን ታሪክ ሲሰማ «እኔም ፍሬኔ ሁልጊዜ ይሸታል፤ ኦሎምፒክ የምገባው መቼ ነው?» አለ።

አዲስ አበባ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረች ከተማ ናት። በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ላይ ስትወጡ ጥብቆና ነጠላ የሚሸጡትን ሱቆች አልፋችሁ ብዙም ሳትርቁ ባሕር ዛፉ ይቀበላችኋል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሯጮቻችን ለምን እዚያ እንደሚሠለጥኑ፣ እኛስ ለምን በየመቶ ሜትሩ «ጎማዬን ልይ» እያልን እንደምንቆም ከዚህ ይገባችኋል። ጎማው ምንም አልሆነም፤ ሳንባ ነው።

መውጣቱ ላብ ነው። መውረዱ ግን ሙያ ይጠይቃል። ባሕር ዛፍ ቅጠሉንና ቅርፊቱን እንደ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ ከሥሩ የተደበቀ ሥርና ድንጋይ አለ፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሳሙና ይሆናል። የፊት ፍሬን ብቻውን ድንገት ከተያዘ ሰውየው በመሪው ላይ ያልፋል። ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ፣ መቀመጫን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች በልስላሴ እያፈራረቁ ነው የሚወረደው። ዓይንም መሄድ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። ጉድጓዱን ያየ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

ፋርማሲስቱ በአንድ የጥቅምት እሁድ ጉድጓዱን አየ። ከበላዩ ሆኜ ስመለከት ሳይክሉ ቆሞ ሰውየው ሲሄድ ነው የታየኝ። ሲወድቅ እጁን ዘረጋ፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፤ ጉልበቱ በክንዱ አልፎ ደረትና ትከሻን የሚያገናኘውን አጥንት ሰበረው። በቦርሳችን መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ሁለት ኪሎ ሙዝ ነበር። ፋሻ አልነበረም። ከእኛ መካከል ስለ ሕክምና የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም መሬት ላይ ተኝቷል።

የደረሱልን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ናቸው። ታውቋቸዋላችሁ፤ ከሩቅ ሲታዩ እንጨቱ ብቻውን የሚሄድ የሚያስመስሉት። በዕድሜ ትልቋ ሸክማቸውን አወረዱና «እኔን ልጄን! አትነካኩት!» ብለው ጮኹብን። ከዚያ መቀነታቸውን ፈቱ፣ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፈው፣ ከአንገቱ ጋር አያይዘው ጥፍር አድርገው አሰሩት። በኋላ ሐኪሙ ሳይፈታው ቆሞ አየና «ይህን ማን ነው ያሰረው?» ብሎ ጠየቀ። ቋጠሮው ከሠሩ በኋላ ነው እማማ ዙሪያችንን ያዩት፤ ሄልሜቱን፣ ጓንቱን፣ ስድስቱን ሳይክል።

«ለመሆኑ ማን አባሯችሁ ነው እንዲህ የምትወርዱት?»

«ለስፖርት ነው እማማ» አለ አንዱ ባንከኛ።

«አይ ልጆቼ» አሉና እንጨታቸውን መልሰው ተሸከሙ።

ፋርማሲስቱን እያፈራረቅን ደግፈን አስፋልት አደረስነው። የወሰድነው ክሊኒክ፣ ስሙ ይቅር፣ ራጅ ሳያነሳ መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ አለን፤ ስድስት ሰው በላብ የረጠበ ኪሱን ዳሰሰ። መቀነቱን ለመመለስ ሦስት እሁድ ያን መንገድ ጠበቅን። በአራተኛው አገኘናቸው። አዲስ ነጠላ ጨምረንበት ነበር፤ እሳቸው የጠየቁት ግን «ልጁ ዳነ?» ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን አደጋ እወደዋለሁ ማለት ይከብዳል፤ ግን የሚገባኝ አደጋ ነው። ቁልቁለት አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ሰው ይወድቃል፣ ሰው ያነሳዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ዓይነት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሳይክላችን የማይደርስበት አልነበረም። ሱሉልታን፣ ጫንጮን አልፈን ደብረ ሊባኖስ ሄደን አድረናል፤ ያ ለብቻው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጧት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ዝንጀሮ ስናይ ባንከኛው ሙዙን ተነጠቀ። መናገሻ ሱባ ጽዱ መካከል ገብተን ጠፍተናል፤ ያን ደን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተክለውታል ይባላል፣ እኛም ከዚያ ዘመን ጀምሮ የምንሽከረከር እስኪመስለን ዞረንበታል። ወንጪ ሐይቁ ድረስ ወርደን መልሶ መውጣቱ ሲያቅተን ሳይክላችንን በፈረስ ጭነናል። ዝቋላ ግማሹ ላይ ሰንሰለት ተበጥሶብን አንድ ዲያቆን በሽቦ ቀጥሎልናል። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ያደርነው ሰው ቤት ነው፤ «የመሸበት እንግዳ ነን» ብለን።

ለውጡን መጀመሪያ ያየነው በኬላ ነው። ከሱሉልታ ወዲያ በአንድ ቀበሌ ታጣቂዎች አስቆሙን። መታወቂያ። ከየት ነው? ከአዲስ አበባ። ወዴት? ወደ የትም፣ ዝም ብለን ነው የምንነዳው። ይህ መልስ እውነት ነው፣ ግን ሲሰሙት ውሸት ይመስላል። በትልቅ ሰው ዓይን ሳይክል የልጅ መጫወቻ ወይም የድሃ መጓጓዣ ነው፤ ጓንት አድርጎ፣ ሄልሜት ላይ ካሜራ አስሮ፣ «ዝም ብዬ ነው» የሚል ጎልማሳ ሰላይ ካልሆነ ምንድነው? ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። መሐንዲሱ «አካም ጅርቱ» ብሎ በኦሮምኛ ጀመረ፣ የአያቱን አገር ጠራ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መጥተው ሳይክሉን አገላብጠው አዩና፣ መሐንዲሱ እንደተረጎመልን፣ «ሰላይ እንዲህ አይደክምም፤ ልቀቋቸው» አሉ። ታጣቂዎቹን አልወቅስም። እነሱም በዚያ ሳምንት የቀበሩት ሰው ነበር።

ስለ መቀሌው ልጅ መናገር አለብኝ። ከስድስታችን እውነተኛ ጋላቢው እሱ ነበር። መቀሌ ውስጥ ብሽክሌታ እንደ እኛ ሰፈር ኳስ ነው፤ እሁድ እሁድ ውድድር አለ፣ አያቶች ሳይቀሩ የተወዳዳሪ ስም ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም የዚያ ከተማ ልጅ ነው። በነገራችን ላይ ሳይክል ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮች ጋር ሳይክለኞችም ነበሯት። ይህን የነገረን እሱ ነው። ነፋስ ሲበረታ ተራ በተራ ከፊት ሆኖ ለሌላው ነፋስ መከለልንም ያስተማረን እሱ ነው፤ ከኋላ ያለው ብዙ ጉልበት ይቆጥባል። ከፊት ያለውን ጊዜ ግን ሁልጊዜ ከድርሻው በላይ ይወስድ ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፣ ስልኩም ተቆረጠ። ወላጆቹ ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቅ ወራት፣ ከዚያ ዓመት አለፈ። እሁድ መውጣቱን አቆመ። ቤቱ ሄደን ጠየቅነው። «በየኬላው ስሜን ሲያነቡ ፊታቸው ሲቀየር ማየት ደክሞኛል» አለን። ሳይክሉን በየሳምንቱ ግቢው ውስጥ ገልብጦ ያጥብ ነበር፤ ሰንሰለቱን ቅባት ይቀባል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015 ታኅሣሥ አውሮፕላን ሲጀምር መቀሌ ሄደ። እናቱን አገኘ። አባቱ ከሞቱ ስምንት ወር አልፏቸው ነበር። አሁን ካናዳ ነው የሚኖረው። አልፎ አልፎ ጫካ ውስጥ ሲጋልብ ቪዲዮ ይልክልናል። በየመታጠፊያው የመንገዱን ክብደት የሚገልጽ ምልክት ተተክሏል፤ አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ጥቁር ለጎበዝ። ባንከኛው ሲያየው «ለእኛስ ምን ቀለም ይተከልልን?» አለ፤ ማንም አልሳቀም።

ካርታው እንዲህ እያለ ጠበበ። የዝቋላ መንገድ፦ በ2016 የካቲት የገዳሙ አባቶች ተገደሉ፤ እኛም የዝቋላን ስም መጥራት ተውን። ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ፦ በዚያው ዓመት ክረምት ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ወንጪን ማንሳት የጀመረ ሰው «ማን ያስለቅቅሃል?» ይባላል፤ የቤተሰቦቻችንን አቅም ስለምናውቅ ቀልድ ብቻ አይደለም። በእጅ ስልኬ የድሮ ጉዞዎቻችን በቀይ መስመር ተቀምጠዋል። በ2011 መስመሮቹ ከአዲስ አበባ በሁሉም አቅጣጫ እንደ ፀሐይ ጨረር ይወጡ ነበር። የዘንድሮውን ብታዩት የተጠቀለለ ክር ነው።

አስቂኙ ነገር፣ ውጭው ሲዘጋ ውስጡ ተከፈተ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ተመረቀ፤ የሚያምር ቦታ ነው፣ መግቢያ አለው፣ ጥበቃ አለው። በኮሪደር ልማቱ በየአስፋልቱ ዳር የሳይክል መንገድ ተዘርግቷል። ወገኔ፣ ይህን አላጣጥልም። ልጅ ሆኜ በቦሌ መንገድ በሳይክል የሄደ ሰው ለነፍሱ የማይሳሳ ነበር። አሁን ሠራተኛ ሰው ቦርሳውን አንግቦ ሲያልፍበት ሳይ ደስ ይለኛል፣ ግማሹ መንገድ በፎቶ ተነሺዎች የተያዘ ቢሆንም። ነገር ግን የሳይክል መንገድ ማለት ከተማ ውስጥ ሄዶ ከተማ ውስጥ የሚያልቅ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። የቱሪስት መዳረሻ ብለን የምንመርቃቸው ቦታዎች ሁሉ መሐላቸው መንገድ አለ። ባለሥልጣን በሄሊኮፕተር ወይም በአጀብ ደርሶ «ሰላም ነው» ሲለኝ፣ እኔ የምጠይቀው አራት ሰው በሳይክል ሄዶ ገበሬ ቤት አድሮ መመለስ ይችል እንደሆነ ነው። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። እኛ የማንሄድበት መንገድ ላይ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ነፍሰ ጡሯ ይሄዳሉ፤ እነሱ መቅረት አይችሉም።

ጎረቤቶቻችን ምን ላይ እንዳሉ ደግሞ ተመልከቱ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። ሩዋንዳ በ2025 የዓለም የጎዳና ሳይክል ሻምፒዮናን ኪጋሊ ላይ አስተናገደች፤ አፍሪካ ውስጥ ሲካሄድ የመጀመሪያው ነው። ተራራ የእኛ ይበልጣል። ውድድሩን በስልኬ ሳይ ያስቀናኝ ፍጥነቱ አልነበረም፤ መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ነው፣ አላፊውን ሁሉ ሳይፈራ የሚያይ።

ከስድስታችን አራት ቀርተናል። አንዱ ባንከኛ ዱባይ ገባ፤ ሳይክሉን ለመሐንዲሱ ሸጦለት አሁን ለመለዋወጫ እየተፈታ ነው። በ2016 ሐምሌ ብሩ ከወረደ ወዲህ አዲስ ዕቃ መግዛት ለእኛ ዓይነቱ የሚታሰብ አልሆነም፤ የፊት ማርሹ ከእሱ፣ ቸርኬው ከመርካቶ ነው። ፋርማሲስቱ ድኗል፣ ብርድ ሲሆን ትከሻው ይነግረዋል።

ከጫንጮ ወዲያ ሁልጊዜ እናርፍባት የነበረች አንድ ጠላ ቤት አለች። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ እናታችን ናቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማታ እደውልላቸዋለሁ። እሳቸው ናቸው የእኛ የጸጥታ ምንጭ። «እማማ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» እላለሁ። አንዳንዴ «ሰሞኑን አይሆንም» ብለው ይዘጉታል፣ አንዳንዴ ስለ ገብሱ ብቻ ያወራሉ፤ ስለ ገብስ ካወሩ ነገሩ ጥሩ ማለት ነው። ባለፈው ሐሙስ ስለ ገብሱ አወሩ፣ ስለ ላሚቱ አወሩ፣ ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና «ኑ አልልም፣ ቅሩም አልልም። ከመጣችሁ ግን ያ የወደቀው ልጅ ከፊት አይሁን» አሉኝ። ቅዳሜ ማታ እንደገና እደውላለሁ።