ቀምሶ ማቅረብ

«ዘ ሮድ» የተባለውን የኮርማክ ማካርቲን ልቦለድ መጀመሪያ ያነበብኩት ልጅ ሳልወልድ ነው። ያኔ አባትየውን እንደ ጀግና አየሁት። ሰሞኑን ልጄን አስተኝቼ፣ በሌሊት፣ ደግሜ አነበብኩት። አሁንም አባትየውን እወደዋለሁ፤ ግን ፈራሁት።

ላላነበባችሁት በአጭሩ፦ መጽሐፉ በ2006 በፈረንጆች አቆጣጠር ወጣ፣ በዓመቱ ፑሊትዘር ተሸለመ፣ በ2009 ደግሞ ፊልም ሆነ። ዓለም በምን እንደጠፋች ደራሲው አይነግረንም። ሰማዩ አመድ፣ ዛፉ ከሰል ነው፤ የሚበቅል የለም። ስማቸው የማይጠራ አባትና ትንሽ ልጁ የሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ ያዘግማሉ። ሽጉጣቸው ሁለት ጥይት ነበረው። አንዷን አባትየው ልጁን በያዘበት ሰው ላይ ተኮሳት። የቀረችው ለጠላት አይደለችም፤ ሰው በላዎች ከደረሱባቸው ለልጁ ናት። ማካርቲ የመጽሐፉ ሐሳብ የመጣለት ኤል ፓሶ ውስጥ በአንድ ሆቴል፣ ትንሽ ልጁ ተኝቶ እሱ በሌሊት በመስኮት ሲመለከት እንደነበር ለኦፕራ ተናግሯል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ መጽሐፉን እንቅልፍ ያጣ አባት ስጋት አድርጌ ነው የማነበው።

ከመጽሐፉ ሁሉ ያልለቀቀኝ የሌባው ነገር ነው። ባሕሩ ዳርቻ ላይ አንድ ሰው ጋሪያቸውን ከነምግቡ ከነብርድ ልብሱ ይዞ ይሄዳል። ይደርሱበታል። አባትየው ሽጉጥ ደቅኖ ልብሱን ያስወልቀዋል፤ ጫማውም አልቀረለት። በዚያ ብርድ ራቁቱን መንገድ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ልጁ ያለቅሳል፣ ሰውየው እኮ ርቦት ነው ብሎ ይለምናል። አባትየው በኋላ ልቡ ተሸንፎ ይመለሳል፤ ቢጣራ መልስ የለም፤ ልብሱንና ጫማውን መንገዱ ላይ አስቀምጦ ይመጣል። ልገድለው አልነበረም ይላል ለልጁ። ልጁ ግን ገድለነዋል ይለዋል። ልብ በሉ፣ ገድለኸዋል አላለውም። ኃጢአቱን ለሁለት ተካፈለው።

እዚህ ላይ አያቴ ትዝ አለችኝ። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «አሳድሩኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ስትል ሰምቻታለሁ። ዛሬ ይህን ስናወራ የድሮ ሰው የዋህነት እናስመስለዋለን። አይደለም። በድሮው ግብዣ ጠጅ የሚቀዳው አሳላፊ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ የለበትም ለማለት። ጥርጣሬውን ማንም አልደበቀውም፤ እዚያው ማዕዱ ላይ አቅርበው፣ ቀምሰው፣ ከዚያ ይጠጡ ነበር። የማካርቲ አባት ግን ቀማሽ አይፈልግም፤ ሁሉንም መርዝ ነው ብሎ ይደፋል። ልጁ አንድ ቀን እኩያው የሚሆን ልጅ በሩቅ አይቶ ሊከተለው ሲሮጥ፣ አባትየው ጎትቶ መለሰው። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ምግብ የተካፈሉትም ልጁ ለምኖ ነው።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው «ጠግበህ ነው የምታወራው» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። እኛም የዓለም ፍጻሜ አይተናል፤ ስሙ ክፉ ቀን ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ፤ በሬ ሲጠፋ እርሻው ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተደረበበት። የዘመኑ ሰነዶች ሰው የሰው ሥጋ እንደበላ ሳይቀር ያወሳሉ። ስለዚህ በልቦለዱ ውስጥ ሰዎች ለመበላት የታጎሩበትን ምድር ቤት ሳነብ የፈረንጅ ቅዠት ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አባትየው ያን ያህል ባይጠራጠር ኖሮ ልጁ ያን ሁሉ መንገድ አይዘልቀውም ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ከክፉ ቀን በኋላም ያ የአያቴ ቃል አልሞተም፤ ለእኔ ጆሮ ደርሷል። ከዚያ ቀን የተረፉት ጨካኞቹ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አያቴን ማን ያስተምራት ነበር?

መጨረሻው ላይ አባትየው ታሞ ይሞታል። ልጁ ሦስት ቀን አስከሬኑ አጠገብ ይቆያል። ከዚያ መንገዱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ብቅ ይላል። አባቱ ያስተማረው ሁሉ ሽሽ ወይም ተኩስ ነው የሚለው፤ ሽጉጡም በእጁ ነው። ልጁ ግን ጠየቀ። ልጆች እንዳሉት፣ ሰው ይበሉ እንደሆነ፣ ደግ ሰው መሆኑን በምን እንደሚያውቅ ጠየቀው። ሰውየውም ማወቂያ እንደሌለው፣ ዕድሉን ከመሞከር በቀር መንገድ እንደሌለ ሳይሸፋፍን ነገረው። ለእኔ ይህ መዳፍ ላይ ጠብ የምትለዋ ጠጅ ናት። አባትየው ሕይወቱን ሙሉ ያቆየው ልጅ፣ ከአባቱ ሞት በኋላ የሚኖረው የአባቱን ትምህርት በመተላለፍ ነው።

ልጁ ግን ከመሄዱ በፊት አባቱን እንዲሁ መተው አልሆነለትም፤ ከብርድ ልብሶቹ በአንዱ እንዲሸፈንለት ጠየቀ። ብርድ ልብስ በዚያ አገር ነፍስ ነው፤ ሌባውም የጠፋው በእሱ ሰበብ ነው። ሰውየው እኔ እሸፍነዋለሁ አለ። በኋላ ልጁ ሊሰናበት ወደ ጫካው ተመለሰ፤ አባቱን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አገኘው።