የቅዳሜ ፈንዲሻ

«እኔ ቡና የምወደው በጨው ነው» ትል ነበር እማዬ። በገጠር ቡናን በጨው መጠጣት የኖረ ልማድ ስለሆነ ማንም አልጠረጠራትም። ጎረቤቶችም ስለለመዱት የእሷ ሲኒ ላይ ቆንጠር አድርገው ጨው ጣል ያደርጉና ይሰጧታል።

ጊዜው 1978 እና 79 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ጦር ኃይሎች፣ ከሆስፒታሉ አጥር ብዙም አይርቅም። ግቢው የወታደር ቤተሰብ የበዛበት ስለነበር አባቶቻችን ሰሜን ናቸው፤ ቤት ያለነው እናቶችና ልጆች ነን። ስኳር የሚመጣው ከቀበሌ ሱቅ ነው፤ በካርድ፣ በቤተሰብ ቁጥር ተሰፍሮ። እማዬ በጣሳ አድርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጣሳው ይከፈታል።

ከሰሉ ፍም ሲሆን ድስቷን ትጥዳለች። ዘይቱ ሲግል መጀመሪያ ሦስት ፍሬ ብቻ ትጥላለች። ሦስቱም ጧ ጧ ካሉ አንድ እፍኝ ጨምራ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ነስንሳበት ትከድነዋለች። ከዚያ በኋላ ማንም አያናግራትም። የድስቱን ሁለት ጆሮ በጨርቅ ይዛ፣ ክዳኑን በአውራ ጣቶቿ ተጭና ትነቀንቃለች፤ ከእሳቱ ብድግ ታደርገዋለች፣ ትነቀንቃለች፣ ትመልሰዋለች። ድምፁ መጀመሪያ አለፍ አለፍ እያለ ይሰማል፤ ወዲያው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይሆናል። ሳሳ ማለት ሲጀምር ታወርደዋለች። ገና የሚፈነዳ እንዳለ እየሰማን «ትንሽ ቆዪ!» ስንላት፣ «ለመጨረሻዋ ፍሬ ብዬ ሁሉን ላሳርር?» ትለናለች።

ያ ሁሉ ጥድፊያ ምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ፈንዲሻ የሚፈነዳው ውስጡ ያለው ጥቂት እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ጠንካራ ቅርፊቱን ሲገፋው ነው፤ ለዚያም 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል። ስኳርም የሚቀልጠውና የሚጠቁረው እዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ትንሽ ካለፈ ይመራል። እጅ ካረፈ ከሥር ያለው ያርራል፤ ቶሎ ከወረደ ደግሞ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። እማዬ ይህን ሁሉ የምትለካው በጆሮዋ ነበር።

ሰፌድ ላይ ሲገለበጥ ወርቃማ ሆኖ እርስ በርሱ ተያይዟል። ሽታው ግቢውን ስለሚያዳርስ ጎረቤት ለመጥራት መሄድ አያስፈልግም፤ የታመመች ወይም አራስ ካለች ብቻ በሳህን እናደርስላታለን። ከግንባር ደብዳቤ የመጣለት ቤት ካለ ከቡናው ጋር እዚያው ይነበባል። አንባቢዋ ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ፤ ጣቶቼ በስኳር ስለሚጣበቁ መጀመሪያ ታጠቢ እባላለሁ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። አባታችን ከስቶና ጠቁሮ፣ ግን በሕይወት ገባ። ቆየት ብሎ ስኳር በየሱቁ እንደ ልብ መገኘት ጀመረ። አንድ ቀን እማዬ የራሷ ሲኒ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምራ፣ አማስላ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትጠጣ አየኋት።

«እማዬ፣ አንቺ በጨው አይደል እንዴ የምትወጂው?»

«ተይኝ ልጄ» አለችና ሲኒውን አስቀመጠች።

ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን ያን ሌሊት የቅዳሜዎቹን ማንኪያዎች ስቆጥር አደርኩ።

አሁን የምጠይቃት በባቡር እየሄድኩ ነው። ከአያት የሚነሳው መስመር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መጨረሻው ጦር ኃይሎች ነው። ከጣቢያው ወጥቼ ስሄድ የጀበና ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ፈንዲሻቸውን አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል፤ በፌስታል የተቋጠረ ጣፋጭ ፈንዲሻ የሚያዞሩ ልጆችም አይጠፉም። እኔ ቤት ደግሞ ልጄ የታሸገውን ማይክሮዌቭ ውስጥ ትከተዋለች፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ይደርሳል። የኮንዶሚኒየሙ በር ዝግ ስለሆነ ሽታው ማንንም አይጠራም።

ስለዚህ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከእህል በረንዳ የተገዛ የፈንዲሻ በቆሎ ይዤ ከልጄ ጋር እማዬ ቤት እሄዳለሁ። እማዬ ስኳር ካመማት ዓመታት አልፈዋል። እኔ እነቀንቃለሁ፣ እሷ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ጆሮዋ አልደከመም። እኔ ገና በረዶው ሲወርድ እየሰማሁ፣ «አውርጂው» ትለኛለች። አወርደዋለሁ፤ አንዱም አላረረም።

ለእሷ ለብቻው እሠራላታለሁ። ባለፈው ልጄ የራሷን ሳህን ገፋ አድርጋላት፣ «እማማ፣ ጣፋጩን አትፈልጊም?» አለቻት።

«እኔ የምወደው በጨው ነው» አለች እማዬ።

ልጄ አመነቻት።