ሰዓቱ ቤት ይዋል

ሰዓት ለእኔ የሥራ መሣሪያ ነበር። ጤና ጣቢያ ሳለሁ የሚያስለውን ሕፃን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ የምቆጥረው በእሱ ነው፤ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች እንጠረጥራለን። ለዚህ ሰከንድ የሚቆጥር ርካሽ ሰዓት ይበቃል።

ለፋሲካ ከውጭ አገር ልጆቹን ይዞ አሶሳ የመጣው የወንድሜ ልጅ ግን ያሰረው ውድ የስዊዘርላንድ ሰዓት ነበር። ልጆቹ ከማንጎው ዛፍ ወደ ቀርከሃው፣ ከቀርከሃው ወደ ወንዙ ይሮጣሉ። እሱም አብሯቸው ይሮጣል፤ ግራ እጁ ግን ሰዓቱን ይጠብቃል። ድንጋይ ለድንጋይ ሲሻገሩ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ዛፍ ሲወጡ ከጀርባው ይደብቀዋል። ትንሿ ልጁ «አባዬ፣ ያዘኝ» ስትለው ዞራ ቀኝ እጁን መፈለግ ነበረባት። «ልጄ፣ ይህን ነገር አውልቀውና የልጅህን እጅ ያዝ» አልኩት። ሳቀ፤ በማግስቱ ሰዓቱን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆልፎበት ወጣ።

ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይዛችሁ ለሽርሽር የምትወጡ ሁሉ፣ ሰዓቱ ላይ «30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ አትዋኙበት፤ የሚችለው ፍንጣቂ ውኃ ነው። በእኛ አገር ሙቀት ደግሞ ላብ ከማሰሪያው ሥር ይጠራቀምና ቆዳን ያሳክካል። ክንድ ቢሰበር ወይም እባብ እጅን ቢነድፍ፣ እብጠቱ ሳይቀድም ሰዓትና ቀለበት ወዲያው ይውለቁ፤ ማሰሪያው አልፈታ ካለም ይቆረጥ። ስለዚህ ለመንገድ ቢጠፋ የማይቆጭ ሰዓት እሰሩ፤ ውዱ ለሠርግ ይቆይ።