መዳብ መስሎ የሚሸጠው ሽቦ

ሮቤም ሆነ ጎባ ሰርግ ሲደገስ ከድንኳኑ ቀጥሎ የሚታሰበው ሞንታርቦ ነው። ለሞንታርቦው የሚሆን ረጅም ገመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ አይገኝም። የድምፅ ባለሙያው ሽቦ በሜትር ይገዛል፣ በእጁ ይገምዳል፣ ጫፉን በሊድ ይበይዳል።

በውጭ አገር ይህ ሥራ የባለጸጎች መዝናኛ ሆኗል። እያንዳንዱ ቀጭን ክር ለብቻው በቫርኒሽ የተቀባበት ልዩ ሽቦ ለስፒከር በውድ ይሸጣል። ሽቦው የሚጠቅመው ግን ለሬዲዮ ሞገድ ነው። ጆሮ በሚሰማው በቀጭኑ ድምፅ፣ በ20 ሺህ ኸርዝ እንኳን፣ ኤሌክትሪኩ ከመዳቡ ገጽ ወደ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚዘልቅ ተራው ባለብዙ ክር መዳብ ይበቃል። እንዲያውም ቫርኒሹ በደንብ ሳይፋቅ ከተበየደ ድምፁ ይቆራረጣል።

ወሳኙ የሽቦው ውፍረትና መዳብነቱ ነው። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ 10 ሜትር ቢርቅ ኤሌክትሪኩ በመሄድና በመመለስ 20 ሜትር ይጓዛል። ሽቦው 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከሆነ 0.7 ኦም ገደማ ይይዛል፤ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ከኃይሉ 15 በመቶ ያህሉ ገመዱ ላይ ይቀራል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን ኪሳራው ወደ 3 በመቶ ይወርዳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ገበያው ውስጥ ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ አለ። በተመሳሳይ ውፍረት ከንጹሕ መዳብ አንድ ተኩል ጊዜ በላይ ኤሌክትሪክ ይከለክላል፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ ምናልባት እሱም ያመጣለትን ሰው አምኖ ነው።

ሰርግ ላይ ቢበዛ ድምፅ ይደክማል። ያው ሽቦ የቤት ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምጣድና ምድጃ የሚሸከም መስመር ላይ ይግላል፤ መገጣጠሚያው እየላላ ሲሄድ ደግሞ እሳት ያስነሳል። ቤቱን የሠራው ቤተሰብ በመዳብ ዋጋ አደጋ ገዝቷል ማለት ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ መፋቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ቀይ የሆነውን ግን መፍራት አያስፈልግም፤ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው።

ይሁንና ምላጭ የቁጥጥርን ቦታ አይተካም። አሉሚኒየም በስሙና በዋጋው ይሸጥ፤ የሚያስጠይቀው በመዳብ ስም መሸጡ ነው። የሽቦው ዓይነትና ውፍረት ደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ ፍተሻውም ዕቃው አገር ሲገባ ይጀምር። የሮቤው ባለሙያ ገመዱን በእጁ መሥራቱን ያውቅበታል። የገዛው መዳብ ስለመሆኑ ግን እሱ ብቻውን ዋስ ሊሆን አይገባም።