የሳንቲም ጉድለትና የሳንቲም ጉዳት

አሮጌ ገንዘብ መመልከት ልማዳችን ስለ ሆነ፥ ወዳጆቻችን ከእርሻ የወጣ ወይም በአያት ሣጥን የተገኘ ሳንቲም እያመጡ «ይህ ሲታተም የተሳሳተ አይደለምን?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው የዋጋ ጥያቄ ነው፤ ሲታተም የተሳሳተ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ሊወደድ ሲችል፥ አፈርና እሳት ያበላሹት ግን ዋጋው ይወርዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደ ተባለ፥ ሁለቱን ያልለየ ሰው ጥሪቱን ለዝገት ይከፍላል።

መለያው ያለው ከአሠራሩ ላይ ነው። ሳንቲም የሚወጣው ምንም ያልተቀረጸበት ዝርግ ብረት በሁለት ማኅተሞች መካከል ገብቶ በኃይል ሲመታ ነው። ማኅተሙ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ብረቱ ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይታያል፤ ከታተመ በኋላ ስለት የነካው ግን መስመሩ ይሰረጉዳል፥ የተገፋውም ብረት በግራና በቀኝ ይከመራል። ዝርጉ ብረት ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ቢመታ ምስሉ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። በአፈር ውስጥ የኖረ መዳብ ግን አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ገጹ ይቦረቦራል፤ አሲድ የበላውም ምስሉና ጠርዙ ባንድነት ይሳሳል፥ ክብደቱም ይቀንሳል።

ነገር ግን ጠርዙ እንግዳ የሆነ ሁሉ ጉድለት ወይም ጉዳት አለበት ማለት አይደለም። 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት የመዳብ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበረ፤ መጠኑ ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለ ተመሳሰለ፥ ብር እየተቀባ ማታለያ ሆነና ተሰብስቦ በምትኩ ጠርዙ እንደ አበባ የተሸነሸነው ወጣ። ይህን የማያውቅ ሰው የመንግሥትን ሥራ የመዶሻ ሥራ ነው ብሎ ይፈርዳል።

አንድ ጎረቤታችን ለልጃቸው የትምህርት ወጪ ተስፋ ያደረጉበትን፥ ገጹ የተቦረቦረ ጠገራ ብር አሳይተውን ነበር። ጓጉተው የሚጠብቁትን ሰው «ይህ የአፈር ሥራ ነው» ማለት ይከብዳል። ቢሆንም ነገርናቸው፤ የእኛን ዝምታ ተማምነው ቢሸጡት ኖሮ፥ ኪሳራው በማናውቀው በሌላ ደኻ ላይ ይወድቅ ነበርና። በአሸዋ ፈትገው ሊያነጹት ሲነሡ ግን ከለከልናቸው፤ መፈተግ ሁለተኛ ጉዳት ነው። ብሩ እስከ ዛሬ ከነጥቁረቱ በቤታቸው ይገኛል።