ከሮስተሬ የጠፉት ሦስት ተማሪዎች

ትናንት ማታ እግዚአብሔር ይመስገን ገረሴ መብራት አልጠፋም፤ የክፍሌን ሮስተር በኤስኪውኤል ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ። ሆም ሩም ነኝ። የተማሪዎቹ ስም በአንድ ቴብል፣ ማርካቸው በሌላ ቴብል ነው ያለው። ሁለቱን በጆይን አገናኘሁ፣ በተማሪ መለያ ቁጥር ግሩፕ ባይ አልኩ፣ ማርኩን በሰም ደመርኩ፣ የተፈተኑትን ትምህርት ብዛት በካውንት ቆጠርኩ። ሁለት ቀን በካልኩሌተር የሚፈጅብኝ ሥራ ወዲያው አለቀ!

ግን ክፍሌ ውስጥ 54 ተማሪ አለ፤ የወጣልኝ 51 ነው። ሦስቱ የት ገቡ?

ለካ ተራው ጆይን በሁለቱም ቴብል ያለውን ብቻ ነው የሚያመጣው። ማርክ የሌለው ተማሪ ዜሮ ሆኖ አይታይም፤ ጭራሽ ይጠፋል። ከተማሪዎቹ ቴብል ጀምሬ ሌፍት ጆይን ስለው ሦስቱም ተመለሱ። ሌላ ጉድ ደግሞ መጣ፦ ካውንት ውስጥ ኮከቧን (*) ስለተውኩ፣ አንድም ያልተፈተኑት ልጆች "1" ተባለላቸው። ኮከቧ የምትቆጥረው ረድፉን ነዋ! በሷ ፈንታ የማርኩን ኮለም ሳስገባ እውነተኛው 0 ወጣ።

ከዛ ስማቸውን አየሁ። አንዷ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የምትመጣ፣ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። ከመቼ ጀምሮ እንደቀረች እኔ ሆም ሩሟ አላውቅም። ታዲያ ኮምፒውተሩን ምን ብዬ ልውቀሰው? እኔም "አቤት" ያለኝን ብቻ ስቆጥር ነው የከረምኩት።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቤቷ እሄዳለሁ። መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተም ድምር ከማየታችሁ በፊት ስንት ሰው እንደተደመረ እዩ።