ዘጠኙ ሽቦ በሁለት ሲተካ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ድርን ስለ መቀነስ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ጥገና እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝና፣ መሣሪያዎች በጥቂት ሽቦ እንዴት እንደሚነጋገሩ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ሥጋና እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። በ2023 የፋሲካ ሰሞን ማቀዝቀዣቸው ሌሊት ቆሞ ለበዓሉ ያዘጋጁት ሥጋ በሙሉ ተበላሸ። «ልጄ፣ እኔ ተኝቼ ሳለ የሚጠብቅልኝ ነገር ሥራልኝ» አሉኝ።

አራት ማቀዝቀዣዎች ከኋላ ክፍል ተደርድረዋል፤ ተቆጣጣሪዋ ማይክሮኮንትሮለር የምትቀመጠው ከፊት፣ ገንዘብ መቀበያው ዘንድ ነው። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ግድግዳ መብሳት ክልክል ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለፉት ከድሮ ደወል የተረፉ ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ኤስፒአይ በሚባለው ዘዴ አንድ ሽቦ ለሰዓት ምት፣ አንድ ለመላኪያ፣ አንድ ለመቀበያ፣ አራት ደግሞ እያንዳንዱን የሙቀት መለኪያ ለመጥራት ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክና መሬት ሲጨመር ዘጠኝ ይሆናል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው አይ ቱ ሲ ሁሉንም በሁለት የጋራ ሽቦ ያገናኛል፤ ኤሌክትሪኩና መሬቱ ሲታከል ግን አራት ነው። ደግሞም የተሠራው በአንድ ሣጥን ውስጥ ላሉ ጎረቤታሞች እንጂ ለረጅም መንገድ አይደለም።

የቀረው ዳላስ ሴሚኮንዳክተር የፈጠረው «ዋን ዋየር» ነው። ስሙ አንድ ሽቦ ይበል እንጂ መሬቱ ስለማይቀር ሁለት ነው። ዲኤስ18ቢ20 የተባለው መለኪያ ኤሌክትሪኩን ከዚያችው ከመነጋገሪያዋ ሽቦ እየቀዳ መሥራት ይችላል።

ይህን ስነግራቸው «አራቱ በአንድ ሽቦ ባንድ ጊዜ ቢጮኹ ማን ማንን ይሰማል?» አሉ። የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። «እንደ ዕድር ነው እትዬ» አልኳቸው። እያንዳንዱ መለኪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ 64 ቢት መለያ ቁጥር አለው። ዳኛዋ ማይክሮኮንትሮለር ቁጥሩን ስትጠራ የተጠራው ብቻ ይመልሳል፤ ሌሎቹ ጸጥ ይላሉ። ሽቦዋን 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከፍ አድርጎ ይይዛታል፤ ተናጋሪው መለኪያ ለጥቂት ማይክሮሰከንድ ወደ መሬት ይጎትታትና ይለቃታል። ንግግሩ ይኸው ነው።

የቀነስነው ሽቦ ግን ዋጋው በጊዜ ይከፈላል። አንድ መለኪያ በ12 ቢት ጥራት ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ ሽቦዋ ኤሌክትሪክ ስለምታቀብለው ወሬ አይተላለፍባትም። አራቱ ተራ በተራ ሲለኩ ሦስት ሰከንድ ይሆናል። ሥጋ በሦስት ሰከንድ አይበላሽምና ተስማማን።

ከባዱ ዕዳ ሌላ ነው። ሁሉም በአንዲት ሽቦ ላይ ሲንጠለጠል፣ እሷ የተበጠሰች ዕለት አራቱም አብረው ዝም ይላሉ። ስለዚህ መሣሪያው ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ሲቆይ ብቻ ሳይሆን፣ መልስ ሲጠፋም ወደ እትዬ የእጅ ስልክ እንዲጮኽ አደረግሁ። እያንዳንዱ መልስ የማረጋገጫ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ካልገጠመ አይታመንም፣ እንደገና ይጠየቃል።

በ2024 አንድ ሌሊት ስልኩ ጮኸ። ሙቀት አልነበረም፤ ዝምታ ነበር። የተገፋ ሣጥን ሽቦዋን ነቅሏት ኖሯል። እትዬ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ሄዱ፤ ሥጋው ደህና ነበር። «በከንቱ ቀሰቀሰኝ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እንዲህ ነው እንጂ ዘበኛ!» ብለው መረቁኝ።

ዝምታን «ሁሉ ደህና ነው» ብሎ መተርጎም ይቀላል። እኛ ስደተኞች ግን እናውቀዋለን፤ ከአገር ቤት ስልክ ሲጠፋ «ደህና ቢሆኑ ነው» ብሎ እንቅልፉን የተኛ ማን አለ? መስመሩ የቀጠነበት ሰው፣ መስመሩ ዝም ሲል መነሣት አለበት።

ቸር ያሰማን።